ልኳን አውቃለሁ

ሐረር ላይ ወሬ በእግሩ አይሄድም፤ አገሩ ቁልቁለት ስለሆነ ይንከባለላል። ከሸዋ በር የተነሳች ትንሽ ቃል መኪና ግርግር፣ ልብስ ሰፊዎቹ ሰፈር እስክትደርስ ድረስ አቧራውንም ጠጠሩንም ጠቅልላ ነው የምትመጣው። በዚያ ሳምንት የተንከባለለችው ወሬ ሁለት ቃል ብቻ ነበረች። ናፊያ አብዱልፈታ ጆሮ ስትገባ ግን ልቧን ሰበረችው። ቃሏን ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሳይክሉን ማወቅ አለባችሁ።

ናፊያ የምትነዳው የወንድሟን ሳይክል ነበር። ወንድሟ ጅዳ ሲሄድ ትቶላት የሄደ፣ ጥቁርና ረጅም የወንድ ሳይክል፤ ባለቤቱም መለሎ ነበር። እሷ አዋላጅ ነርስ ናት። ጤና ጣቢያዋ ከከተማው ዳር ነው፤ ምጥ ደግሞ ባጃጅ እስኪገኝ አይጠብቅም። ስለዚህ ማለዳ ማለዳ ሳይክሉን በጀጎል ጠባብ መንገድ በእጇ እየገፋች ከግንቡ ትወጣና፣ በሩ አጠገብ ካለች አንዲት ድንጋይ ላይ ቆማ ትሳፈር ነበር። ያለ ድንጋይዋ እግሯ ብረቱን አይሻገርም። የሰፈሩ ሰው የናፊያ ድንጋይ ይላት ጀምሮ ነበር። ሴት ልጅ በሳይክል ማለፏን ያልወደዱ ከንፈራቸውን ቢመጥጡም፣ አባቷ ሀጂ አብዱልፈታ "ልጄ የምትሮጠው ልጆቻችሁን ለመቀበል ነው" ብለው አፍ አስይዘዋል።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባል የለ? የሰው ሳይክልም አይመችም። ትከሻዋ ይቆረጥማታል፤ አንገቷ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ይውላል፤ መዳፏ ይደነዝዛል። ችላ እያለችው ቆየች። አንድ ማለዳ ግን ሕፃን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ባልደረባዋ ደርሳ ሕፃኑም እናቱም ደህና ሆኑ። ናፊያ ግን ደነገጠች፤ ከሰዓት በኋላ ሳይክሉን እየገፋች ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ወዳለው የነስሮ ሱቅ ሄደች።

ነስሮ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የሶፊ ገጠር ልጅ ነው። አባቱም ወንድሞቹም ጫት ያለማሉ፤ እሱን ግን ብረት ወስዶታል። ከወላለቀ ሳይክል ሌላ ሳይክል የሚያወጣ፣ ሲናገር ሰው ዓይን የማያይ፣ ዝም ሲል ግን ዓይኑ ብዙ የሚናገር ሰው ነው።

"ምኑ ነው የተበላሸው?" አላት፣ ሳይክሉን ግራ ቀኝ ካየው በኋላ።

"ሳይክሉስ ደህና ነው። የተበላሸሁት እኔ ነኝ።"

ሳቀ። ቀና ብሎ አያት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኑን ካቴናው ላይ ጣለ። ናፊያ ያቺን አጭር እይታ ይዛ ቤቷ ገባች። ምን እንደሆነች አላወቀችም፤ ሲመሽ ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቅቷት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ነስሮ መጀመሪያ ተሳስቷል። ኮርቻውን ዝቅ አደረገላትና "አሁን ይመችሻል" አላት። አልተመቻትም። በሳምንቱ በትከሻዋ ሕመም ላይ የጉልበት ሕመም ጨምራ መጣች።

"አቦ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለ ራሱን እያከከ። "ኮርቻ ዝቅ ሲል ጉልበትሽ ይታጠፋል እንጂ መሪው ወዳንቺ አይመጣም።" ከዚያ ከኮርቻው ሥር እስከ መሪው አንገት የተዘረጋውን ብረት በጣቱ መታ መታ አደረገው። "ነገሩ ያለው እዚህ ነው፤ ቴላዮው ላይ። አጽሙ በይው። ይሄ የላይኛው ብረት ላንቺ ረጅም ነው። መሪው ጋ ለመድረስ ትንጠራሪያለሽ፤ ስትንጠራሪ ክብደትሽ ከመቀመጫሽ ይነሳና መዳፍሽ ላይ ይወድቃል። እጅሽ ቢደነዝዝ ምን ይገርማል?"

"ታዲያ ትንሽ ብለምደውስ? ሰው ይለምደው የለ?"

"ትለምጂዋለሽ። እየለመድሽው ትጎብጫለሽ" አላት። ድምፁን ዝቅ አድርጎም "ሳይክሉን ለሰው ማድረግ ነው እንጂ፣ ሰውን ለሳይክል ማድረግ ደግ አይደለም" አለ።

ለናፊያ ከልጅነቷ ጀምሮ ሲነገራት የኖረው ተቃራኒው ነው። ትንሽ ዘርጋ በይ፣ ትንሽ ታገሺ፣ ይለመዳል። እናቷ ካረፉ ወዲህ ያሳደጓት አክስቷ ዘቢባ በፍቅርም በቁጣም ይሏት የነበረው ይህንኑ ነው። ብረቱ ላንቺ ይጠር ያላት ሰው ይህ እጁ በቅባት የጠቆረ የሶፊ ልጅ የመጀመሪያው ነበር። እንባዋ እንዳይታይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፤ ደግሞ አሰረች።

ነስሮ አዲስ ቴላዮ ሊሠራላት ቃል ገባ። ከሁለት አሮጌ ሳይክሎች ብረት ቆርጦ፣ በይዶ፣ በእሷው ልክ።

"ልክሽ ግን ያስፈልገኛል" አለ።

"ቁመቴን ነው?"

"ቁመት ብቻ አይበቃም። ቁመታቸው እኩል ሆኖ አንዱ እግረ ረጅም፣ አንዱ ወገበ ረጅም ይሆናል። የክንድሽ፣ የወገብሽ... ከዚያ ደግሞ የእግርሽ፣ ማለቴ ከመሬት እስከ..." እዚያ ላይ ደረሰና ቆመ። አንገቱን ደፋ። ናፊያ የፍሬኑን ሽቦ ታጠና ጀመር። መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን ነፍቶ አለፈ፤ ሁለቱም በልባቸው አመሰገኑት።

በመጨረሻ ከመሳቢያው ነጭ ክር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት፤ እጇ ላይ አልሰጣትም። "አክስትሽ ይለኩሽ። እያንዳንዱ ልክ ላይ ቋጠሮ አድርገሽ አምጪልኝ።"

ክሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያም አላወጣችውም። አክስቷን አፍራ ነው ብትሉ ግማሹን አገኛችሁ። ግማሹ ሌላ ነው። ክሩን ከሰጠችው ሳይክሉ ያልቃል፤ ሳይክሉ ካለቀ በዚያ ሱቅ ደጅ የሚያስቆማት ምን ይኖራል?

"ክሩስ?" ይላታል ባለፈች ቁጥር።

"ውይ፣ ረሳሁት።"

"ኢንሻአላህ ነገ።"

"ኢንሻአላህ።"

ሰላምታቸው ይኸው ሆነ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ ይባላል። እሱም ክሩን አጥብቆ አይጠይቅም፤ እሷም አጥብቃ አትፈልግም። ሰው ፊት የማይባል ነገር አልተባባሉም። ግን እሷ ስታልፍ የብየዳው ድምፅ ይቆማል፤ ካለፈችም በኋላ ቶሎ አይጀምርም። ናፊያ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ዝምታውን እየሰማች ነበር የምትሄደው፤ ቀኗን ሙሉ የሚያቆያት ያ ዝምታ ነበር።

ከድሬዳዋ ሽማግሌዎች የመጡት በዚህ መካከል ነው። ልጁ ዩሱፍ ይባላል፤ የአባቷ የድሮ ደንበኛ የነበሩ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጨዋ ነው፤ ቤቱም የታወቀ ነው። ሀጂ አብዱልፈታ ሽማግሌዎቹን ነደባው ላይ፣ ከፍ ባለው የክብር መደብ አስቀምጠው ካስተናገዱ በኋላ "ልጄን ላማክርና ከመጪው ጁምዓ ሰላት በኋላ መልሴን እሰጣለሁ" አሏቸው።

ናፊያ በማግስቱ ወደ ነስሮ ሱቅ ሄደች። እስከ በሩ ድረስ የምትለውን እያጠናች ነበር። ስትደርስ ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት።

"ሰዎች መጥተው ነበር" አለችው። "ከድሬ።"

"ለሳይክል?"

"ለእኔ።"

ነስሮ በእጁ የያዘውን ጎማ እያሽከረከረ ነበር። ጎማው ዞረ፣ ዞረ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

"አባቴ ለጁምዓ ቀጥረዋቸዋል" አለች። ጠበቀች። "አንተ የምትለው ነገር የለህም?"

ምን እንድትል ትፈልጋላችሁ ከዚህ በላይ? የጀጎል ልጅ፣ የሀጂ አብዱልፈታ ልጅ፣ በጠራራ ፀሐይ በሰው ደጅ ቆማ ሽማግሌ ላክብኝ ልትል ነው? እሷ እንኳ ያለችው ከሚገባት በላይ ነበር። ነስሮ ጎማውን መሬት ላይ አስተኛው። ዓይኑን ግን አላነሳም።

"ልኬን አውቃለሁ፣ ናፊያ" አለ።

ይህችም ቃል ጎዳቻት። ቢቆጣ፣ ቢያዝን፣ ቢለምናት ይሻላት ነበር። ልኬን አውቃለሁ ያለ ሰው ግን በሩን ከውስጥ ዘግቶታል። ሳይክሉን እዚያው ትታው በእግሯ ተመለሰች። ከኋላዋ የብየዳው ድምፅ እንዲቀጥል ፈለገች፤ አልቀጠለም። ያን ቀን ዝምታው ጠላት ሆነባት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለ ራሷ የተወራውን የሰማችው ከሁሉም ሰው በኋላ ነው። ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ አክስቷ ዘቢባ በር ላይ ጠበቋት።

"ያ የሶፊው ሳይክል ሠሪ ስላንቺ ምን አለ መሰለሽ?"

"ምን አለ?"

"'ልኳን አውቃለሁ' አለ። ሰው ፊት። ሸዋ በር ቆመው የሰሙ ናቸው የነገሩኝ። ልኳን አሳያታለሁም ሳይል አይቀርም፤ እነሱ አፍረው ዋጡት እንጂ።"

"እንዲያ አይልም" አለች ናፊያ። ድምፅዋ ግን አላገዛትም።

"አስተግፊሩላህ፣ እኔ ምን አግብቶኝ ልጨምር? አፈር ስሆን ሀጂ እንዳይሰሙ።"

ናፊያ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ልኳን አውቃለሁ። ቃሉን በየትኛውም በኩል ብታገላብጠው ይወጋል። ለክቻታለሁ ማለቱ ከሆነ ስሟን በአደባባይ ጥሎታል፤ ለዚያውም በሐሰት። ምን እንደምትመዝን አውቃለሁ፣ ከዚህ አታልፍም ማለቱ ከሆነ ደግሞ ንቋታል። ደጁ ድረስ ሄዳ ለምናዋለቻ፤ የለመነች ሴት ምን ልክ አላት? ቦርሳዋን ከፍታ ክሩን አወጣችው። እንደ ተሰጣት ነጭ ነው፤ አንድም ቋጠሮ የለበትም። ያን ሁሉ ቀን ረሳሁት ስትል የኖረችውን እያሰበች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ከመግሪብ በኋላ አባቷ ዘንድ ገባች።

"አባ፣ የድሬዎቹን እሺ ይበሏቸው።"

ሀጂ አብዱልፈታ ቀና ብለው አዩዋት። ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ ሰው ናቸው። አሮጌ ልብስ ለጥገና ሲመጣላቸው ባለቤቱን ሳያዩ ይነግሯችኋል። ክርኑ የነተበ ጸሐፊ ነው፤ ትከሻው የሳሳ ተሸካሚ ነው፤ ጉልበቱ ያለቀ ወይ ሰጋጅ ነው ወይ ሕፃን አሳዳጊ። ሰው ይዋሻል፣ ልብስ አይዋሽም ይላሉ። ልጃቸውን ግን በዚያ ምሽት ማንበብ አልቻሉም።

"እሺ ያለው አፍሽ ነው ወይስ አንቺ?"

"እኔ ነኝ፣ አባ።"

"እንግዲያው አላህ ኸይር ያድርገው" አሉ። ናፊያ እጃቸውን ስማ ወጣች። ነገሩ አለቀ፤ ልቧ ግን እንዳለቀ አላወቀም።

ጁምዓ ማለዳ ከአባቷ ሱቅ ተጠራች። መኪና ግርግር በስፌት መኪናው ድምፅ ገና ሲሟሟቅ ነው። ሀጂ አብዱልፈታ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው በር ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው ግድግዳውን ተደግፎ ውሃ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሳይክል ቆሟል። የወንድሟ ጥቁር ቴላዮ ሳይነካ፣ ተወልውሎ ከጎኑ ተቀምጧል። የድሮው ኮርቻ ደግሞ በአዲሱ ሳይክል ጀርባ ላይ በገመድ ታስሯል።

"ገና ሱቅ ሳልከፍት ያ ሳይክል ሠሪ ይዞት መጣ" አሉ ሀጂ። "'ሀጂ፣ የልጅዎ ዕቃ ነው' አለኝና ተቀበልኩት። ሻይ ጠጣ ብለው እምቢ ብሎ ሄደ። ሲሄድ ደግሞ ግንብ ሊመታ ነበር፤ አያይም መሰለኝ።"

ናፊያ ፊቷ ተኮሳተረ። "ልመልስለት፣ አባ። አልፈልገውም።"

"መመለሱን መልሺ። ሞክረሽው ነው ግን የሚመለሰው። የተሰፋ ልብስ ሳይለካ አይመለስም።" ኮርቻውን ከገመዱ ፈትተው እሳቸው ጋ አስቀሩት።

እሷ ለመሞከር አልነበረም የተነሳችው። ሳይክሉን ደጁ ላይ ልትጥልለት፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ልትጠይቀው ነበር። ተነስታ መሳፈሪያ ድንጋይ ፈለገች፤ ልማድ ነው። ድንጋይ የለም። ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን አነሳች፤ ብረቱን ተሻገረ። እንደ ዋዛ። ሁለቱም እግሮቿ መሬት ላይ ቆሙ፤ በብረቱና በእሷ መካከል ሳይቀር ክፍተት ተረፈ። ድንገት ትንሽ የሆነችም ትልቅ የሆነችም መሰላት።

ፔዳሉን ረገጠች። ጉልበቷ አልታጠፈም፣ አልተወጠረም፤ ልክ ሊዘረጋ ሲል ፔዳሉ ይመለስ ነበር። እጇን ዘረጋች፤ መሪው የጠበቃት ይመስል እዚያው ነበር። ክርኗ ላላ አለ። ወገቧ ቀና አለ። ከአንገቷ ሥር ለዓመታት ተቋጥሮ የኖረው ነገር ተፈታ። የጀጎል ድንጋይ እንኳ የድሮውን ያህል አልመታትም፤ የፊተኛው ጎማ ትንሽ ወደፊት ራቅ ብሎ ተተክሏልና ጉድጓዱን እሱ ይቀበላል፣ ለእጇ ያለዝባል። ዳገቱን ወጣች። የምታልፈው ሰው ሰላም ሲላት ቀና ብላ፣ ፊቱን እያየች መለሰች። በድሮው ሳይክል የምታየው ጎማዋን ነበር።

በሩ ጋ የናፊያን ድንጋይ አየቻት፤ አለፈቻት። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ይህን የሠራ ሰው እንዴት ንቆኝ ይሆናል? የክንዷን፣ የወገቧን፣ የእግሯን ርዝመት አንድም ጊዜ ሳትሰጠው፣ እሷ ራሷ የማታውቀውን የሰውነቷን ነገር አውቆት ነበር። ንዴቷ እየጠፋ፣ ናፍቆቷ እየባሰ ሸዋ በርን ወጣች።

ነስሮ ሱቁ ደጅ ቆሟል። ሥራ አልነበረውም፤ እጁን በንጹሕ ጨርቅ እየጠረገ፣ እጁም ንጹሕ ነበር። ናፊያ ፊቱ ስትደርስ ፍሬን ያዘችና እግሯን መሬት አስነካች። ክሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችለት።

"ክሩ ይኸው። አንድም ቋጠሮ የለበትም። ልኬን ከየት አወቅከው?"

"ከኮርቻሽ" አላት።

"ከምን?"

"ከድሮው ኮርቻሽ። ሰው መሀሉ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የሚያልቀው መሀሉ ነው። ያንቺ ጫፉ ነው ያለቀው። መሪው ጋ ለመድረስ ወደፊት እየተሳብሽ፣ ጫፉ ላይ ነበር የምትውይው። ከመሀሉ እስከ ጫፉ ያለውን ያህል ቴላዮውን አሳጠርኩት። ፔዳሉም ጠርዙ ነው የተላጠው፤ በጣትሽ ጫፍ ነበር የምትደርሺበት።" ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አይቶ አልሸሸም። "አንቺን አልለካሁም፣ ወላሂ። የደከምሽበትን ነው የለካሁት።"

ናፊያ መሪውን ጨበጠችው። ሌላ የምትይዘው አልነበራትም።

"ሰው ፊት ልኳን አውቃለሁ ብለሃል?"

"ብያለሁ። አንዱ መጥቶ 'ይሄ የማን ነው?' አለኝ። ነገርኩት። 'ሳትለካት አትሠራውም፤ ለክተሃታል ማለት ነው' ብሎ ሳቀ። ስምሽ እንዲያ ሆኖ ሲነሳ መስማት አልቻልኩም። ልኳን አውቃለሁ፣ መለካት አያስፈልገኝም አልኩት።"

"እኔ ጋ ሲደርስ ምን ሆኖ እንደደረሰ ታውቃለህ?"

ነስሮ ያን ጊዜ ገባው። ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። "ያ አላህ" አለ።

"የናቅከኝ መሰለኝ። ለአባቴ እሺ ይበሏቸው አልኩ።"

"መልሱ ተሰጠ?"

"ከሰላት በኋላ ነው።"

ነስሮ ወደ ከተማው ዞሮ ሚናሬቶቹን አየ። ፊቱ ላይ የነበረውን እንድነግራችሁ አትጠይቁኝ፤ ናፊያ ራሷ ለማየት አልደፈረችም።

"አሁንስ ልክህን ታውቃለህ?" አለችው።

"ናፊያ..."

"አይ፣ ንገረኝ። የእኔን ከኮርቻ አወቅክ። የራስህን ከየት አገኘኸው? ማን ለካህ?"

"የሶፊ ገበሬ ልጅ ነኝ። አንቺ የጀጎል ልጅ። አባትሽ ደጅ ሽማግሌ ልኬ ቢመለሱ፣ ከዚያ በኋላ ስታልፊ እንኳ ቀና ብዬ አላይሽም። ስታልፊ ማየቱን እንዳላጣ ፈራሁ። ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።"

"ለእኔ ብረት ቆርጠህ አሳጠርክ" አለች ናፊያ። እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ አልጠረገችውም። "አንተ ግን ሰው የሰጠህ ልክ ላይ ተቀምጠህ ትንጠራራለህ። ሰውን ለሳይክል ማድረግ ደግ አይደለም ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

ነስሮ ክሩን አየ። "ክሩን ረሳሁት ባልሽኝ ቁጥር" አለ፣ "አንድ ቀን ጨመረልኝ ብዬ አልሀምዱሊላህ እል ነበር። ዛሬም ብትረሺው እያልኩ ነው የሚነጋልኝ። እወድሻለሁ፣ ናፊያ። ይህን ማለት የነበረብኝ ያን ቀን ነው።"

"እኔም ረስቼው አላውቅም" አለችው። "አንድም ቀን።"

ክሩን ከእጇ ወሰደው። ጣቶቻቸው አልተነካኩም፤ ክሩ ግን በሁለቱ መካከል አንድ አፍታ ተወጥሮ ቆየ። የመጀመሪያው አዛን ተሰማ። አባቷ አሁን ሱቃቸውን ዘግተው ወደ መስጊድ ይወጣሉ፤ ከሰላት በኋላ የድሬዎቹ ሽማግሌዎች መልሳቸውን ይቀበላሉ። ናፊያ አንድም ቃል ሳትጨምር ሳይክሉን አዞረች። ወደ ጀጎል ስትወርድ ፍሬን አልያዘችም፤ ፍርሃቷ ከሳይክሉ ፈጥኖ ይሄድ ነበር።

ሀጂ አብዱልፈታ ቆባቸውን አድርገዋል፤ ግን አልወጡም። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የድሮውን ኮርቻ ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር። አውራ ጣታቸው ቆዳው ያለቀበትን ጫፍ ቀስ እያለ ይዳስሳል። ናፊያ ስትደርስ ቀና አላሉም።

"ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ክርን ሳነብ ኖርኩ" አሉ። "የሰው ጉልበት፣ የሰው ትከሻ። የገዛ ልጄ በወንድሟ ኮርቻ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ እንደምትውል ግን አላነበብኩም። ያ ልጅ አነበበው።"

የጎረቤቶቹ የስፌት መኪኖች አንድ በአንድ ጸጥ እያሉ ነበር።

"ልክሽ ነው?" አሉ ሀጂ።

"ልኬ ነው፣ አባ።"

አሁን ቀና ብለው አዩዋት። ፊቷን፣ እንባዋን፣ ዝቅ ያለ ትከሻዋን፤ ሁሉንም በተራ። ለጥገና እንደመጣላቸው ልብስ አገላብጠው አዩዋት።

"እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ሳይክሉ ነው።"

"እኔ የመለስኩት ስለ እሱ ነው፣ አባ" አለች። ይህን ካለች በኋላ ሁለት እጆቿን መሪው ላይ አደረገች።

ሁለተኛው አዛን ሊሰማ ነው። ሀጂ አብዱልፈታ ኮርቻውን መደርደሪያቸው ላይ፣ ጥሩ ጥሩ ጨርቃቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ አኖሩት። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ፤ ጠቀለሉት።

"የድሬዎቹ ደግ ሰዎች ናቸው" አሉ። "ቅር እንዲሰኙ አልፈልግም። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ እንከን የለውም፤ ልኳ ግን አይደለም እላቸዋለሁ። የጨርቅ ሰዎች ናቸው፤ ይገባቸዋል።"

"አባ..."

"ቆዪ፣ አልጨረስኩም። ያ ልጅ ሻይ ስሰጠው እምቢ ብሎኛል። በሰው ደጅ ዕቃ አስቀምጦ መሄድ ልማድ አይደለም። የሚለው ካለው ከሶፊ ሽማግሌዎቹን ይዞ ይምጣ፤ ሻዩንም ያኔ ይጠጣል።" በሩን ወጡና ደግሞ ቆሙ። "ከመጣ እንግዲህ እንለካዋለን" አሉ፤ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዞሩ።

በጠባቡ መንገድ ወደ መስጊድ ሲወጡ ናፊያ ከኋላ አየቻቸው። ሁለቱን እጆቿን መሪው ላይ እንዳደረገች ነው። እጆቿ አልደነዘዙም፤ ሁሉም ነገር ይሰማቸው ነበር።